የማን ሃምሳ ስምንት?

ዋሴ ባልዲውን በእርግጫ ሲለው ውኃው ተገልብጦ የአስማረን ደጅ አጠበው።

አስማረ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁና የዋሴ ፎቶ ቤት በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። የስፌት መኪናውን መርገጡን ሳያቋርጥ አንገቱን ብቻ ብቅ አደረገና፣ «ጎሽ የኔ ወንድም! ደጄን የሚያጥብልኝ አጥቼ ነበር የከረምሁት» አለ።

«አያ አስማረ፣ ዛሬ አትንካኝ።»

«እኔ መቼ ነካሁህ? ባልዲው ነው እንዴ የነካህ?»

ባልዲው ውስጥ የነበረው የሰው ፊት ነው። ደጅይጥኑ የሚባል፣ ከጽጽቃ ማር ጭኖ ሰቆጣ ገበያ የመጣ ገበሬ ገና አሁን ተነሥቶ፣ ፎቶግራፉ እየታጠበ ነበር። ሰውዬው ጭቃው ላይ የወደቀችውን እርጥብ ወረቀት ጎንበስ ብሎ አነሣት። በጋቢው ጫፍ ጠራረጋት። ትክ ብሎ አያት። ዋሴ አሁን ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ፤ እንዲያውም ቢሰድበው ደስታው ነበር። ደጅይጥኑ ግን ፊቱ ወገግ አለ።

«እሰይ! እኔው ራሴ ነኝ! እጅህን ይባርከው!» ብሎ ፎቶግራፉን ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ አህያውን እየነዳ ሄደ።

ዋሴን ያበገነው ይኸው ነው። ሰውዬው የመረቀበት ፎቶግራፍ ምን ነበር? ሁለት እጅ ጭን ላይ ተጣብቆ፣ አገጭ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ዓይን ዳኛ ፊት ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ፈጦ። ከእሱ በፊት የተነሣውም እንደዚያው፣ ከዚያም በፊት የተነሣው እንደዚያው። ከሙሽራ እስከ ዳኛ፣ ከዲያቆን እስከ አጋሰስ ነጂ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ያነሣው ሰው ሁሉ አንድ ሰው ነው። ያም ሰው በቁሙ የሞተ ነው።

የሥራውም ጠባይ እንደዚያ ነበር። ዕቃው በሦስት እግር የሚቆም የእንጨት ሳጥን ነው፤ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ፣ ከፊቱ መስተዋትና የመስተዋቱ ክዳን። ዋሴ «አትነቃነቅ!» ይላል። ክዳኑን ያነሣል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይልና ክዳኑን ይመልሳል። እስከዚያ የሚነሣው ሰው ትንፋሹን ውጦ መቆም አለበት። ክዳኑ ሲመለስ ተነሺውም፣ ዙሪያውን የከበበው ተመልካችም በአንድ ላይ «እፎይ!» ይላል። ከዚያ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ይታጠባል፤ መጀመሪያ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ እንደገና ተነሥቶ እውነተኛው መልክ ባልዲው ውስጥ ይንሳፈፋል። ሰዉ ሁሉ ፊቱ ከውኃ ሲወለድ ቆሞ ያያል።

ሰው እንደዚያ የሚገተርበት ሌላም ምክንያት ነበር። ዋሴ ጋ የሚመጣው ሰው ብዙው ፎቶግራፍ የሚፈልገው ለግድግዳ አይደለም፤ ለለቅሶው ነው። ድሮ ሰው ሲሞት ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ጋሻው ወጥቶ በዚያ ይለቀስ ነበር። ሳጥኑ ከመጣ ወዲህ ግን አልቃሿ ፎቶግራፉን ከፍ አድርጋ ይዛ ትዞራለች። ስለዚህ ሰው ዋሴ ፊት የሚቆመው በገዛ ለቅሶው ላይ እንዴት መታየት እንዳለበት አስቦ፣ ጸጉሩን ተቀብቶ፣ ካባ ተውሶ ነው።

ይኸን ዋሴ ያውቃል። ማወቁ ግን አላበረደውም። ደሴ አሥረኛ ክፍል ሲማር ከአንድ ጸጉር አስተካካይ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቀን መቁጠሪያ አይቶ ነበር። ሥዕሉ ላይ አንዲት ልጅ ከማሰሮ ውኃ ስትቀዳ ውኃው አየር ላይ እንዳለ ቀርቷል። አልወደቀም። እንደ ብርጭቆ ተንጠልጥሏል። ዋሴ ትምህርቱን ትቶ፣ ቤት ተከራይቶ ይኖርበት ከነበረው ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ሳጥኑን ይዞ ወደ አገሩ የተመለሰው ያንን ውኃ እያየ ነው። ብቻውን ተራራ ወጥቶ በሁለት እጁ ጣቶች መስኮት ሠርቶ ደመና ሲመለከት የሚውለው፣ የመንደሩ ሴቶች «የየኔታ ልጅ ደመና ይቆጥራል» የሚሉት ያንን ውኃ ፍለጋ ነው።

አሁን ግን አራት ወር ሆነው፣ እጁ ከደረቀ። ክዳኑን ሲያነሣ ልቡ አይነሣም። ተነሺዎቹን «ሳቁ» ሲላቸው አሾፈብን ይላሉ። አንዱን «ተራመድ» ቢለው ተራምዶ ቤቱ ገባ፤ ፎቶግራፉ ሲታጠብ ከወገቡ በታች ጢስ ሆኖ ወጣና «እግሬን የት አደረግኸው?» ብሎ በዱላ ሊለው ምንም አልቀረውም።

«መርፌ ስትዶለዱም መርፌ ትለውጣለህ» አለ አስማረ፣ ባልዲውን አንሥቶ እያቀበለው። «እጅ ሲዶለዱምስ?»

«የዶለዶመው እጄ አይደለም» አለ ዋሴ። «ሣጥኑ ነው። ይኸ የሬሣ ሣጥን!»

*

በሳምንቱ ሣጥኑን በበቅሎ ጭኖ ወደ ኮረም ወጣ። ከኮረም በጭነት መኪና ቆቦ ወረደ። ቆቦ ብዙነህ የሚባል ነጋዴ ነበር፤ ከፋኖስ እስከ ጫማ ቀለም የማይሸጠው የለም። ሱቁ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ብዙነህ ከመደርደሪያው ላይ በቆዳ ከረጢት ያለች፣ በአንድ እጅ የምትያዝ ካሜራ አወረደለት። ክዳን መቁጠር የለ፣ ጥቁር ጨርቅ የለ። ቀጭ ስታደርጋት አለቀ። በአንድ ጥቅል ፊልም ሠላሳ ስድስት ጊዜ ታነሣለች። ዋሴ በመስኮቷ አጮልቆ መንገድ ላይ የሚሮጥ ውሻ አየ።

«ሳጥንህን ተውልኝና ውሰዳት» አለ ብዙነህ። «እነዚህን አሥር ፊልሞችም እመርቅልሃለሁ።»

«ፊልሙ አላረጀም?»

ነጋዴው ሳቀ። «እኔ የፈረንጅ ፊደል የት አውቄ? ካርቶኑ ላይ ተጽፎበታል። አንተ የተማርክ ነህ፣ አንብበው።»

ዋሴ አነበበው። በእንግሊዝኛ፣ ከጥር 1958 በፊት ተጠቀሙበት ይላል። ዘመኑ ሃምሳ ስድስት ነው፣ ኅዳር። ገና ሁለት ዓመት አለው። ትንሿን ካሜራ አንገቱ ላይ አጠለቀ። ሳጥኑን ዞሮ እንኳ አላየውም።

*

ሰቆጣ ሲመለስ እንደ ወፈፌ አደረገው። ሲያስነጥስ የነበረ ደብተራ አነሣ። ከበቅሎ የሚወርድ ሰው አንድ እግሩ አየር ላይ እንዳለ አነሣ። ጠላ ሻጯን ጥሩሐረግን፣ የጠላ መጠጫ ቅምጫናዋን ይዞ ሊሄድ ያለ ጠጪ ላይ አፏን ከፍታ ስትጮህ፣ ቀጭ!

ጥሩሐረግ ጠጪዋን ትታ ወደ እሱ ዞረች።

«ምን አደረግኸኝ አንተ?»

«አነሣሁሽ።»

«ሳልቆም? ሻሼ ተፈትቶ? በል ባልዲህን አምጣ፣ አጥበህ አሳየኝ!»

«ይኸ እዚህ አይታጠብም፣ እትዬ ጥሩሐረግ። ደሴ ነው የሚታጠበው።»

«ፊቴ ደሴ ይታጠባል? ምነው፣ ሰቆጣ ውኃ ጠፋ?»

ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቁጣዋ ከሣቁ በላይ ወጣ። «ስሙኝማ ጎበዝ! ድሮ ፊታችንን አንሥቶ እዚሁ በእጃችን ይሰጠን ነበር። አሁን ሰርቆ ደሴ ይልካል! ነገ ብሞት አፌን እንደ ከፈትሁ ልታለቅሱልኝ ነው?»

ከዚያ በኋላ ሰው ዋሴን ሲያይ ነጠላውን ፊቱ ላይ መጣል ጀመረ። ልጆች «ሌባው መጣ» እያሉ ይበተናሉ። ዋሴም በበኩሉ ተናደደ፤ እነሱ ደደብ ናቸው፣ ሕይወት የሚባል ነገር ቢያሳዩአቸው አያውቁትም አለ። ግን ከንዴቱ ሥር ደስታ ነበረ። እጁ ተፈቷል። ልቡ እያንዳንዷን ቀጭታ ተከትሎ ይዘላል። ፎቶግራፎቹ ምን እንደሚመስሉ አላየም፤ ቢሆንም ያውቃቸዋል። አየር ላይ የተንጠለጠለው ውኃ እዚያ ጥቅል ውስጥ ነው።

*

አባቱ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል፣ ለሃያ ዓመት ወደፊት በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ይነግሩሃል። ዋሴም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነበር የሚላቸው። ፎቶግራፍ ተነሥተው አያውቁም። «ፎቶ ተነሣሁ ትላላችሁ» ይላሉ። «መነሣትስ ከሙታን ነው። እናንተ ገና ሳትሞቱ ምን አስቸኮላችሁ?»

በዓቢይ ጾም አጋማሽ፣ አንድ ቀን ከማሕሌት ሲመለሱ በሩ ላይ እንደ ቆሙ፣ ከፋሲካ በኋላ ዋልድባ ገብቼ እመነኩሳለሁ አሉ። በሰሃላ በኩል ተከዜን ክረምት ሳይገባ ይሻገራሉ። አይመለሱም።

እናቱ እናትነሽ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ማማሰያውን አስቀመጠች።

«ሠላሳ አምስት ዓመት አንቱን ሳገለግል ኖሬ፣ መጨረሻዬ ይኸ ነው?»

«ለነፍሴ ነው፣ እናትነሽ።»

«የአንቱስ ነፍስ ትጽደቅ። እኔ በምን ላልቅስ?» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ እንደ ምላጭ ነበር። «የአንቱ ሬሳ እዚያ ይቀበራል። መርዶ ይመጣል። ሰው ይሰበሰባል። ባዶ እጄን ደረቴን ልምታ? ምን ይዤ ልዙር?»

በአገሩ ሚስት ባሏን የምታለቅስበት ማጣት ውርደት ነው። የኔታ ወደ ዋሴ ዞሩ። «አንድ ጊዜ» አሉ። «አንድ ቀን ብቻ እቆምልሃለሁ። ለእናትህ ብዬ።»

ዋሴ ከሁሉም ይልቅ የተናደደው ያን ዕለት ነው። ለነፍሳቸው ብለው ሚስታቸውን ጥለው የሚሄዱ ሰው፣ የእሱን ሥራ ሲንቁ ኖረው፣ አሁን እንደ ምጽዋት «እቆምልሃለሁ» ይሉታል!

*

በማግሥቱ ጠዋት የኔታ ግቢው መካከል ካለው ድንጋይ አጠገብ ቆሙ። ጥምጥማቸው እንደ በረዶ ነጭ ነው። ካባቸውን ደርበዋል፣ መቋሚያቸውን ይዘዋል። እግራቸውን ገጠሙ፣ አገጫቸውን አቀኑ፣ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ያው ነው! ያው ደጅይጥኑ!

«የኔታ፣ እንደሱ አይቁሙ።»

«ሰው ሲቆም እንዴት ነው የሚቆመው?»

«እንደሱ አይደለማ! ይንቀሳቀሱ። የሆነ ነገር ይናገሩ።»

የኔታ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ድንጋዩ ላይ ዋሴ የከፈተው የፊልም ካርቶን ተቀምጧል። በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ይኸ የተጻፈበት የፈረንጅ አኃዝ ነው አይደል? ምን ይላል?»

«ፊልሙ ጊዜው የሚያልፍበት ዓመት ነው። ሃምሳ ስምንት።»

«የማን ሃምሳ ስምንት?»

«የማን ማለት?»

«ዓመት ባለቤት አለው፣ ልጄ። የሰማዕታት ዓመት አለ፣ የእስላም አለ፣ የፈረንጅ አለ፣ የእኛ አለ። ሃምሳ ስምንት ሲሉህ መጀመሪያ የማን ብለህ...»

«የኔታ!» ዋሴ ጮኸ። «ባሕረ ሐሳብዎን ለተማሪዎችዎ ያስተምሩ! እኔ ብርሃኑ እያመለጠኝ ነው!»

የኔታ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ዓይናቸው ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ልጃቸው ጮሆባቸው አያውቅም። ዋሴ በዚያች ቅጽበት ጣቱ ራሱ አዘዘው፤ ቀጭ! አለ። ያዝኋት፣ አለ በልቡ። ያ ውኃ! ከማፈር ይልቅ ደስ አለው። ሌላውን ሠላሳ አምስቱን ሁሉ አነሣ፤ የኔታ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ምሰሶ ቆሙ።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሄዱ። ዋሴን ግንባሩን ሳሙት። ሊሉት የፈለጉት ነገር ያለ ይመስል ነበር፣ ግን አላሉትም። እሱም አልጠየቀም። ቂሙ ገና አልወጣለትም።

*

ፊልሞቹ ከነጋዴ ጋር ደሴ ወርደው በሰባተኛው ሳምንት ተመለሱ። ሰኔ ገብቷል፤ ዝናቡ ጀምሯል። ዋሴ ፖስታውን አስማረ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቀደደው። የተጠቀለለው ፊልም እንደ አመድ ግራጫ ነው። ከዳር እስከ ዳር ፊት የለበትም፣ እግር የለበትም። አንድ ወረቀት ላይ የታተመ ፎቶግራፍ አለ፤ እሱም የክረምት ጉም ይመስላል። መካከሉ ላይ እንደ ጭረት የሚመስል አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ተጋድሟል፤ የተዘረጋው የየኔታ መቋሚያ ይመስላል። ከዚያ ጋር አጭር ደብዳቤ፦ «ፊልሞቹ ጊዜያቸው ካለፈ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ብርቱ ሙቀትም አግኝቷቸዋል። በተቻለን አጥበናል። ለናሙና አንዱን አትመናል።»

ዋሴ የአስማረን ዱላ ከጥግ መነጨቀ።

«ወዴት ነው?»

«ቆቦ! ያንን ነጋዴ ጭንቅላቱን ልከፍተው!»

«ቆይ እስኪ። ሰውዬው ምን ብሎ ሸጠልህ?»

«ምን ብሎ ነው? አንብበው አለኝ!»

«አነበብኸው?»

«አነበብሁ! ሃምሳ ስምንት ይላል!»

«እና ዋሸህ?»

ዋሴ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። ፊልሙን የሠራው ፈረንጅ ነው። ፈረንጅ ዓመት የሚቆጥረው በራሱ ነው። በፈረንጅ ሃምሳ ስምንት፣ በእኛ ሃምሳ። ሃምሳ ስድስት ሲቀነስ ሃምሳ፣ ስድስት ዓመት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ይኸንኑ በፈተና ተጠይቆ ሙሉ ማርክ አግኝቷል። ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቁት እንኳ በእንቅልፍ ልቡ ይመልሰዋል። አባቱም ነግረውት ነበር። አባቱ መቋሚያቸውን ዘርግተው ካርቶኑን እየነኩ፣ በጆሮው ነግረውት ነበር!

ዱላውን ጣለ። ካሜራዋን ከአንገቱ አውልቆ ከግድግዳው ሊያጋጫት ከፍ አደረገ። እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። እሷ ምን በደለች? ሳጥኑስ ምን በድሎ ነበር? ያቺን «የማን?» የምትል ጥያቄ ያልጠየቃት እሱ ነው፤ ቁጣ እንጂ ጥያቄ አልነበረበትም።

«ለእናትህ ምን ትላታለህ?» አለ አስማረ ቀስ ብሎ። አሁን አልቀለደም።

ፖስታውን የልብስ ሳጥን ውስጥ፣ ከልብሱ ሥር ቀበረው። በየገበያው ቀን እናቱ «ፎቶግራፉ መጣ?» ትለዋለች። «መንገዱን ጎርፍ ወሰደው፣ እማ» ይላታል። ይኸን ሲል የራሱን ምላስ መንከስ ያምረው ነበር።

*

መርዶው በሐምሌ መጣ፤ እንደ ደንቡ ጎሕ ሲቀድ። ቄስ ገብረ ኪዳን ከፊት፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከኋላ ሆነው በሩን ሲያንኳኩ እናትነሽ ገና በሩን ሳትከፍት አወቀች። የኔታ ዋልድባ አልደረሱም። ሰሃላ ቆላ ውስጥ ንዳድ ያዛቸው። ተከዜን ሊሻገሩ የሦስት ቀን መንገድ ሲቀራቸው፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበሩ። አብሯቸው የነበረ ዲያቆን ካባቸውን፣ ጥምጥማቸውንና መቋሚያቸውን ይዞ መጥቷል።

ፀሐይ ሳትሞቅ ግቢው በሰው ሞላ። ከአበርገሌ መንገድ ላይ ያሉት ሳይቀሩ መጡ። ከተማሪዎቻቸው ጽሕም ያበቀሉት እንኳ እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር። አንዳንዱ በአገውኛ፣ አንዳንዱ በአማርኛ ይጣራል። እናትነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከመካከል ቆመች።

«ዋሴ! ፎቶግራፉን አምጣ!»

ዋሴ አልተንቀሳቀሰም።

«አልሰማህም? አባትህን አምጣልኝ!»

ገብቶ ፖስታውን አወጣ። ያቺን አንዲት ግራጫ ወረቀት ሰጣት። እናትነሽ ተቀበለች፣ አየቻት፣ ገለበጠቻት፣ እንደገና አየቻት።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የኔታ ናቸው።»

«ፊቱ የት አለ?»

ዋሴ በወረቀቷ ላይ ያለውን የመቋሚያውን መስመር በጣቱ አሳያት።

«ሠላሳ ስድስት ጊዜ አነሣኋቸው አላልኸኝም? ፊቱ የት አለ፣ አንተ?»

«ፊልሙ... ጊዜው አልፎበት ነበር፣ እማ። የፈረንጁን ዓመት የእኛ መስሎኝ... ዓመት ተሳሳትሁ።»

ለቅሶው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። እናትነሽ ዞር ብላ ሰዉን አየች፣ ከዚያ ልጇን።

«ሰማችሁ?» አለች። «የባሕረ ሐሳቡ መምህር ልጅ፣ ዓመት ተሳሳተ! አገር ሁሉ ጾሙን ፍስኩን ከእሱ ደጅ ሲጠይቅ ኖሮ፣ ከገዛ ጓዳው የወጣ ዓመት ተሳሳተ!»

ያቺን ወረቀት አልቀደደቻትም። አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ ወደ ዲያቆኑ ሄዳ ካባውን ከእጁ ወሰደች።

«ና ወዲህ። ልበስ።»

«እማ...»

«ልበስ አልሁህ!»

ቄስ ገብረ ኪዳን ቀረብ አሉ። «እናትነሽ፣ ተይ እንጂ። በሕይወት ያለ ሰው የሙት ምስል ሆኖ አይቆምም። ነውር ነው።»

«ነውሩን ለእኔ ተዉት፣ አባ። ሬሳውን ሰሃላ ወሰደው። ፊቱን ይኸ አጠፋው። ልብሱ ባዶውን አይቆምልኝ!»

ዋሴ ካባውን ለበሰ። ቆላ ቆላ ይሸታል፤ የላብና የአቧራ ሽታ። ጥምጥሙን እሷ ራሷ ጠመጠመችለት፣ ያውም እያመመው። መቋሚያውን አስያዘችው። ድንጋዩ አጠገብ፣ የኔታ ቆመውበት የነበረው ቦታ ላይ አቆመችውና እሱ ተነሺዎቹን ያደርግ እንደነበረው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው። ተመልሳ አገጩን በሁለት ጣቷ ወደ ላይ ቀና አደረገችው።

«እግርህን ግጠም። አትነቃነቅ!»

ለቅሶው እንደገና ተነሣ። አልቃሿ ከፊቱ መጥታ ድምፅዋን ለቀቀችው፦

«የዓመቱን በዓላት ቀምሮ የሚያውቀው፣
የራሱን ዕለት ነው ለእኛ ያልነገረው!»

ሰዉ ተቀብሎ ዞረ። እሱን እያዩ ደረታቸውን መቱ፣ እሱን እያዩ ፊታቸውን ነጩ። ካፊያ ጀመረ። ዋሴ በእናቱ ተናደደ፣ ጥለው በሄዱት ተናደደ፣ አንብበው ባለው ነጋዴ፣ በራሱ፣ በዚያች ቀጭ ስትል ደስ ባሰኘችው ቅጽበት ተናደደ። መቋሚያውን ወርውሮ መሮጥ ፈለገ። አንድ የዝናብ ጠብታ ሽፋሽፍቱ ላይ ተንጠለጠለች። ቢያርገበግብ ትወድቃለች፤ ከእሷም ጋር ሌላው ሁሉ ይፈሳል። እስከ አፉ እንደ ሞላ እንስራ ሆኖ ነበር። እጁን ጭኑ ላይ አጣበቀ። ጥርሱን ነከሰ። ዓይኑን አፈጠጠ። ሰው እንደዚህ የሚቆመው ባዶ ሆኖ መስሎት ነበር።

ከሚዞሩት መካከል አንድ ገበሬ ቆም አለ። ደጅይጥኑ ነው፤ ልጁን የቆሎ ተማሪ አድርጎ ያስገባው የኔታ ዘንድ ነበር። ፊቱ በእንባና በዝናብ ርሷል። ዋሴን ከእግር እስከ ራስ አየው፣ ከዚያ በሁለት እጁ ደረቱን እየደቃ ጮኸ።

«እሱው ራሱ! ወይኔ የኔታ! እሱው ራሱ!»

እናትነሽ ይኸን ስትሰማ እዚያው ተንበረከከች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ዋሴ ትንፋሹን ዋጠ። አንድ፣ አለ በልቡ። ሁለት። ሦስት። ክዳኑን የሚመልስለት ግን አልነበረም።